ልጁ ሳይገባው የፈረመው ቃል

የተጠርጣሪ ቃል የሚጻፍበት ወረቀት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በተመሳሳይ አነጋገር ነው። ተጠርጣሪው ቃል ያለመስጠት መብት እንዳለው፣ ቢሰጥ ግን የሰጠው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል ተነግሮት በፈቃዱ የሚከተለውን ቃል ሰጠ ይላል። ግርጌው ላይ ደግሞ ቃሉ ተነቦለት ትክክል ነው ብሎ ፈረመ የሚል ይታከልበታል። መርማሪው ይህን አነጋገር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞታል። ትልቅ ሰው ፊቱ ሲቀመጥ በአንድ ትንፋሽ ይለዋል፤ የ13 ዓመት ልጅ ሲቀመጥም በአንድ ትንፋሽ ይለዋል።

ልጁ ግን ምን ሰማ?

በአንድ መናኸሪያ አጠገብ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ይታሰብ። የደንበኛ ሞባይል ጠፋ፤ በአካባቢው የነበረው እሱ ነውና ዘበኛው ክንዱን ይዞ ለፖሊስ አስረከበው። ከገጠር ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። አፉን የፈታው በወላይትኛ ነው፤ አማርኛው ለሥራው ያህል የምትበቃ ናት። «ጋሼ ይጠረግ?» ይላል፣ ሒሳብ ይቀበላል፣ መልስ ይሰጣል። «ቃል ያለመስጠት መብት» የሚባል ነገር ግን በጆሮው አልፎ አያውቅም። «በማስረጃነት ይቀርብብሃል» ሲባል የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ተቆጥቷል። ዝም ቢል ጥፋተኛ የሚያሰኘው፣ ቢያለቅስ የሚብስበት፣ «አዎ» ቢል ግን ወደ ሊስትሮ ሳጥኑ የሚመለስ ይመስለዋል። ስለዚህ «አዎ» ይላል።

መብትን መንገርና መብትን ማስረዳት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው መርማሪው ተናግሮ ሲጨርስ ያልቃል። ሁለተኛው የሚያልቀው ልጁ የተነገረውን በራሱ አነጋገር መልሶ መናገር ሲችል ነው። ፖሊስ ጣቢያ የገባ ሕፃን እዚህ እስኪደርስ ድረስ ቃሉ መወሰድ የለበትም፤ ከተወሰደም ፍርድ ቤት ሊቀበለው አይገባም። ይህን ለማድረግ የሚበቃ ሕግ አገሪቱ አላት። የጎደለው አሠራሩ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት ሳይዘገይ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል። ያለመናገር መብት እንዳለውና የሚናገረው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም እንዲሁ በሚገባው ቋንቋ እንዲገለጽለት ይጠይቃል። ተገዶ የተሰጠ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው የሚደነግገውም ይኸው አንቀጽ ነው። አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን የሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት ቀዳሚ እንዲሆን ያስገድዳል። ሁለቱ አንቀጾች ጎን ለጎን ሲነበቡ መልእክታቸው ግልጽ ነው። ለሕፃን የሚገባው ቋንቋ አማርኛ ወይም ሲዳምኛ ወይም ኦሮምኛ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የዕድሜው ቋንቋም መሆን አለበት።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም ሕፃኑ የተጠረጠረበት ነገር ሳይዘገይና በቀጥታ ለራሱ እንዲነገረው፣ ጥፋቱን እንዲያምን እንዳይገደድ፣ የሕግ ድጋፍም ቶሎ እንዲያገኝ ይጠይቃል። የኮንቬንሽኑን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው 24ኛ አጠቃላይ ማብራሪያ ነገሩን ይበልጥ አፍታትቶታል። ለሕፃኑ ወረቀት መስጠት እንደማይበቃና በቃል ማስረዳት የግድ እንደሆነ ይገልጻል። ማስረዳቱም ለወላጅ ተትቶ ባለሥልጣኑ እጁን መሰብሰብ የለበትም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1990 እዚሁ አዲስ አበባ በተካሄደ የመሪዎች ጉባኤ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም ሕፃኑ ክሱ በሚገባው ቋንቋ በዝርዝር እንዲነገረውና አስተርጓሚ እንዲያገኝ ያዛል።

ከሁሉም የሚገርመው ግን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ኮንቬንሽኑ ከመታሰቡ በፊት፣ በንጉሡ ዘመን የተጻፈ ሕግ ነው። ቁጥር 172 ወጣት ጥፋተኛ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወደሚገኘው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲወሰድ ያዛል። ጉዳዩ ለሌላ ቀን ከተቀጠረ ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ይሰጣል፤ እነዚህ ከሌሉ ኃላፊነት ለሚወስድ እምነት የሚጣልበት ሰው ይሰጣል። ቁጥር 174 ወላጅ ወይም አሳዳጊ ያልቀረበለት ልጅ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ጠበቃ እንዲቆምለት ያደርጋል። በቁጥር 176 ደግሞ ነገሩ የሚታየው በዳኛው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው፤ ሥርዓቱም ጥብቅ ወግ እንዳይበዛበት ታዟል።

እዚያው ቁጥር 176 ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፍ ቁም ነገር አለ። ዳኛው የልጁን እምነት መዝግቦ ጥፋተኛ ሊለው የሚችለው ልጁ ራሱ ከሚናገረው ነገር የቀረበበት ውንጀላ ሙሉ በሙሉ እንደገባውና እንዳመነው በግልጽ ሲታወቅ ነው። ሕጉ መለኪያ ያደረገው የልጁን አንደበት ነው እንጂ የዳኛውን ማስጠንቀቂያ ወይም የልጁን ፊርማ አይደለም። ለዳኛ ፊት የተደነገገው ይህ መለኪያ ለመርማሪ ፊትም ይሠራ ቢባል ለሕጉ መንፈስ እንግዳ አይሆንም።

ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ልጁ ዳኛ ፊት ከመቅረቡ በፊት ብዙ ጊዜ መርማሪ ፊት ይቀርባል። ቃል ተጽፎ ፊርማ ወይም አሻራ ካረፈበት በኋላ ዳኛው የቱንም ያህል ደግ ቢሆን፣ ችሎቱ የቱንም ያህል ለሕፃናት ምቹ ቢደረግ፣ ፋይሉ ውስጥ አንድ «አመነ» የሚል ወረቀት ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በዚህ አገር ለሕፃናት ችሎቶች ብዙ ተደክሟል። በአዲስ አበባ ፖሊስ ጣቢያዎችም የሕፃናትን ጉዳይ የሚይዙ ክፍሎች ተቋቁመዋል። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ንግግር ግን አሁንም ከትልቁ ሰው ፎርም የተቀዳ ነው።

ከዚህ የከፋ ቀዳዳም አለ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ወጣት የሚለው ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ከ9 ዓመት በታች ያለውን ከወንጀል ኃላፊነት ነፃ አድርጎ፣ ከ9 እስከ 15 ላሉት የተለየ እርምጃ አስቀምጦ፣ ከ15 በላይ ሆነው 18 ያልሞሉትን በመደበኛው ድንጋጌ እንዲዳኙ ያደርጋል፤ ለእነሱ የተረፋቸው ቅጣት ማቅለያውና ከሞት ቅጣት መዳኑ ነው። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጅ ሞባይል ሰርቀሃል ተብሎ ሲያዝ ከቁጥር 172 ጀምሮ ያለው ጥበቃ አይደርሰውም። በኮንቬንሽኑ ዓይን ሕፃን የሆነው ልጅ በጣቢያው ዓይን አዋቂ ነው።

ዕድሜውስ በምን ይታወቃል? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። በዚያው ሰሞን የተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ልደታቸው የተመዘገበ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት 3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ዛሬ ጣቢያ የሚገባው የ14 ወይም የ16 ዓመት ልጅ የተወለደው ከዚያ በፊት ነው። ዕድሜው በቁመቱ፣ በጢሙ፣ በድምፁ ይገመታል። አንዳንዱ ልጅ ሥራ እንዳይከለከል ከለመደው ተነስቶ «18 ነኝ» ይላል፤ ያቺ አንዲት ቃል ጥበቃውን ሁሉ ትወስድበታለች። ኮሚቴው በ2019 ማብራሪያው ዕድሜ ሲያጠራጥር ጥርጣሬው ለልጁ እንዲተረጎም ያሳሰበው ይህን ዓይነቱን ነገር አስቦ ነው።

በእንግሊዝ የልጅ እምነት ያለ ጥበቃ ሲወሰድ እንደማያስተማምን ለመማር ሦስት ልጆች ሦስት ዓመት መታሰር ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1972 በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ካትፎርድ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ተቃጥሎ ማክስዌል ኮንፌይት የተባለ ሰው ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ የ18፣ የ15 እና የ14 ዓመት ልጆችን ያዘ። ትልቁ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ነበረበት፤ አስተሳሰቡ ከ8 ዓመት ልጅ አይበልጥም ተብሎለታል። ዋናው ምርመራ ወላጅም ጠበቃም በሌለበት ተካሂዶ ሦስቱም አመኑ፤ ተፈረደባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1975 ግን ሰውየው የሞተበት ሰዓት ልጆቹ ከሰጡት ቃል ጋር አልገጥም ብሎ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነፃ ለቀቃቸው።

እንግሊዞች ነገሩን በሐዘኔታ አላለፉትም። ጉዳዩ በልዩ አጣሪ ተመረመረ፣ የንጉሣዊ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሕፃን የሚጠየቀው ለእሱ የሚቆም አዋቂ አጠገቡ ባለበት ነው። ይህ ሰው ወላጅ፣ አሳዳጊ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም ለዚህ የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ ሊሆን ይችላል፤ ፖሊስ ግን ሊሆን አይችልም። ማስጠንቀቂያው እሱ በሌለበት ለልጁ ተነግሮ ከሆነ እሱ ባለበት እንደገና መነገር አለበት። የሚገርመው እዚያም እንደ እዚህ የዕድሜ ቀዳዳ ነበር። የ17 ዓመት ልጆች በጣቢያ እንደ አዋቂ መታየታቸው የቀረው እ.ኤ.አ. በ2013 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስህተት ነው ካለ በኋላ ነው።

በአሜሪካ መነሻው ጋልት የሚባለው መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1964 በአሪዞና ግዛት ግሎብ በተባለች ከተማ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ለጎረቤት ሴት በስልክ ብልግና ተናግሯል ተብሎ ተያዘ። ወላጆቹ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ልጃችሁን ወስደነዋል የሚል መልእክት እንኳ አልተተወላቸውም። ጠበቃ አልነበረውም፤ ዝም ማለት እንደሚችልም የነገረው የለም። ከሳሿ ሴት ችሎት አልቀረበችም። ዳኛው ግን 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በማረሚያ ትምህርት ቤት እንዲቆይ ወሰነ። አዋቂ ሰው ያንኑ ቢያደርግ ቅጣቱ ከ5 እስከ 50 ዶላር ወይም ቢበዛ የሁለት ወር እስራት ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሜይ 1967 ውሳኔውን ሽሮ ሕፃናትም ክሳቸውን የማወቅ፣ ጠበቃ የማግኘት፣ በራሳቸው ላይ ያለመመስከር መብት አላቸው አለ። ከ44 ዓመት በኋላ ደግሞ በሰሜን ካሮላይና ከክፍል ወጥቶ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስለ ተጠየቀ የ13 ዓመት ተማሪ ሲወስን፣ ፖሊስ መብት መንገር ያለበት መቼ ነው የሚለው ሲመዘን የልጁ ዕድሜ አብሮ ይመዘን ሲል ጨመረበት።

ይሁን እንጂ አሜሪካኖቹም መንገር ማስረዳት አለመሆኑን የተረዱት ዘግይተው ነው። በፊልሞቻቸው ካቴና ሲጠልቅ የሚነበነበው ማስጠንቀቂያ እ.ኤ.አ. ከ1966ቱ የሚራንዳ ውሳኔ የመጣ ነው። ቶማስ ግሪሶ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ማስጠንቀቂያ ለታዳጊዎችና ለአዋቂዎች እያነበበ ምን እንደገባቸው በራሳቸው ቃል እንዲነግሩት ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከአራቱ ማስጠንቀቂያዎች ቢያንስ አንዱ ጨርሶ ያልገባቸው ታዳጊዎች 55 በመቶ፣ አዋቂዎች ደግሞ 23 በመቶ ነበሩ። ብዙዎቹ ልጆች ዝም ካሉ በኋላ ዳኛው በዝምታቸው ሊቀጣቸው የሚችል ይመስላቸው ነበር። ቃላቱን ሰምተዋል፤ ብዙዎቹ በቃላቸው ሊደግሟቸውም ይችላሉ።

ፊርማስ? እ.ኤ.አ. በ2001 በቱርክ ኢዝሚር በሕገወጥ ሰልፍ ተሳትፈሃል ተብሎ የተያዘ የ17 ዓመት ልጅ መብቱን የሚዘረዝር ቅጽ ቀርቦለት ፈረመ፤ ዝም የማለት መብቱም ቅጹ ላይ ነበረ። ከዚያ ያለ ጠበቃ ቃሉን ሰጠና በዚያው ቃል ተፈረደበት። ሳልዱዝ በሚለው መዝገብ ጉዳዩን ያየው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ቱርክ ፍትሐዊ ዳኝነት የማግኘት መብቱን እንደጣሰች ወሰነ፤ የልጁንም ዕድሜ በተለይ አነሳ። የተፈረመው ቅጽ መንግሥትን አላዳነውም።

እዚህ አገር ነገሩን የሚያከብደው ሌላም አለ። ልጅ ትልቅ ሰው ሲጠይቀው አቀርቅሮ ይመልሳል። ዝም ካለ «ጆሮ የለህም?» ይባላል፤ «አልናገርም» ካለ ደግሞ ጥጋበኛ ነው፣ ያልተቀጣ ነው። እንዲህ ያደገ ልጅ ደንብ ልብስ በለበሰ ሰው ፊት «መናገር አልፈልግም» እንዲል መጠበቅ ከንቱ ነው። ቤት ውስጥ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ተብሎ ሐሳቡ ይናቃል፤ ጣቢያ ሲገባ ግን የዚያው ልጅ ቃል ዐቃቤ ሕግ ክስ ለሚመሠርትበት ሰነድ ይበቃል።

አንዳንዱ ሰው «ወላጅ ከተጠራ አይበቃም ወይ?» ሊል ይችላል። ወላጅ መጠራት አለበት፤ ግን ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1989 በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ በአንዲት ሴት ላይ ለተፈጸመ አስገድዶ መድፈር የተያዙት አምስት ልጆች ከ14 እስከ 16 ዓመት ነበሩ። አንዳንዶቹ ቃላቸው በቪዲዮ ሲቀረጽ ወላጅ ወይም ዘመድ አጠገባቸው ነበር። ከእነሱ አንዱ አባቱ ፖሊሶቹ የሚሉትን እንዲናገር እንደገፋፋው በኋላ ተናግሯል፤ አባት ልጁን ቶሎ ወደ ቤት ለመመለስ ያደረገው ነው። የ16 ዓመቱ ልጅ ደግሞ በዕድሜው ምክንያት ያለ ወላጅ ተጠየቀ፤ ከሁሉም ረጅሙን ጊዜ የታሰረውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 እውነተኛው ጥፋተኛ ራሱ አምኖ የዘረመል ምርመራውም አረጋግጦ ፍርዱ ተሻረ። ከተማዋ 41 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ የካሳ ክሳቸውን እ.ኤ.አ. በ2014 ዘጋች።

የኢትዮጵያ ወላጅም ጣቢያ ሲደርስ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው «እውነቱን ንገራቸውና ይዤህ ልሂድ» የሚል ነው። በአሜሪካ፣ በሲያትልና በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ወላጅም ከዚህ አይለይም፤ ፖሊስን አክብሮ መመለስን ለልጁ አስተምሮታል። ሲያትል የምትገኝበት የኪንግ ካውንቲ የሸሪፍ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ማስጠንቀቂያውን ለታዳጊ በሚገባ ቀላል አነጋገር አስጽፎ ሥራ ላይ አዋለ። የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021፣ ሜሪላንድ በ2022 ባወጧቸው ሕጎች ደግሞ 18 ያልሞላው ልጅ በፖሊስ እጅ ሆኖ ከመጠየቁ በፊት ከጠበቃ ጋር መነጋገር አለበት። ካሊፎርኒያም እንዲህ ዓይነት ሕግ አላት። ይህን መብት ለልጃቸው ሊያስታውሱ የሚችሉት እነዚያ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ግን መጀመሪያ ራሳቸው ሊያውቁት ይገባል።

ለመሆኑ ለ13 ዓመቱ ሊስትሮ እንዴት ይነገረው? ከባድ አይደለም። «እኔ ፖሊስ ነኝ። ስለ ጠፋው ስልክ ልጠይቅህ ነው። ከፈለግህ ትመልሳለህ፤ ካልፈለግህ ዝም ትላለህ። ዝም ስላልክ አልቆጣህም፤ ዝም ስላልክ ብቻም አላስርህም። የምትነግረኝን ነገር እጽፈዋለሁ፤ ዳኛ ያነበዋል፤ አንተን ለመቅጣትም ሊጠቀምበት ይችላል። ሕግ የሚያውቅ፣ አንተን ብቻ የሚያግዝ ጠበቃ የሚባል ሰው አለ። ከእሱ ጋር እኔ ሳልሰማ ማውራት ትችላለህ። ገንዘብ አትከፍልም። እናትህን ወይም አጎትህን እንጥራልህ።» ከዚያ ዋናው ይመጣል። «አሁን የነገርኩህን አንተ ንገረኝ። አልናገርም ብትለኝ ምን የሚሆን ይመስልሃል?»

ልጁ «ትለቁኛላችሁ» ቢል አልገባውም። «ትመቱኛላችሁ» ቢልም አልገባውም፤ መርማሪው ያኔ ስለ ጣቢያው አንድ ነገር ተማረ ማለት ነው። «ምንም አትሉኝም፤ ግን ዳኛ ጋ ልሄድ እችላለሁ» ካለ ገብቶታል። ወረቀቱ ላይ መጻፍ ያለበትም ይህ የልጁ መልስ ነው፤ በራሱ አነጋገር፣ ሳይታረም። «መብቱ ተነግሮት» ከሚለው የተለመደ ሐረግ ይልቅ ዳኛን የሚረዳው ይህ ነው።

መርማሪዎች የሚያነሱት ተቃውሞ ቀላል አይደለም። አዋቂ ሌቦች ሕፃናትን እንደሚያሰማሩ ያውቃሉ፤ ልጁ ዝም ካለ ላኪው ያመልጣል ይላሉ። ስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን ልጁ ላኪውን የሚፈራው ከፖሊስ እኩል ነው፤ አሳልፎ ለመስጠት የሚደፍረው ከጎኑ የሚቆም ሰው ሲያገኝ ነው። የሐሰት እምነት ዋጋም በንጹሐኑ መታሰር አያበቃም። የሴንትራል ፓርኩ እውነተኛ ጥፋተኛ ልጆቹ ታስረው ሳሉ ሌሎች ሴቶችን ማጥቃቱን ቀጥሎ ነበር፤ አንዷን ገድሏል። የተያዘው ከወራት በኋላ ነው። ፖሊስ የልጅን «አዎ» ይዞ ሲያርፍ ሌላውን ማስረጃ መፈለግ ይተዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጠበቃ እጥረት ነው። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ያለው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት በዋናነት የሚሠራው ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው፤ በየጣቢያው ጠበቃ ማስቀመጥ ዛሬ አይቻልም። ስልክ ግን በየጣቢያው አለ። ተረኛ ጠበቃ ሌሊትም ቀንም የሚያነሳው አንድ ቁጥር፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ያላቸው የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም የሚሳተፉበት ተራ ቢዘጋጅ ለመጀመሪያው የአሥር ደቂቃ ምክር ይበቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ሕፃን በፖሊስ ከመጠየቁ በፊት ጠበቃ እንዲያግዘው ሲያዝ አባል አገሮቹ ሁሉ ጠበቃ ተርፏቸው አልነበረም።

የቋንቋው ነገርም መፍትሔ አለው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 27 ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ በደንብ ለማይረዳ ሰው ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ያዛል። በወላይትኛ፣ በጋሞኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በትግርኛ የተቀዳ የሁለት ደቂቃ ድምፅ በመርማሪው ስልክ ላይ መኖሩ አስተርጓሚን አይተካም፤ ልጁ ግን አስተርጓሚው እስኪደርስ ምን እንደገጠመው ያውቃል። በዚያው ስልክ ልጁ መብቱን መልሶ ሲናገር መቅዳትም ይቻላል። ያ ቅጂ ለመርማሪውም ይጠቅመዋል፤ አስገድዶኛል የሚል ክርክር ሲነሳ ራሱን የሚከላከልበት ይሆነዋል።

ለዚህ ሁሉ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ለልጅ የሚነገረውን ጽሑፍ ፍትሕ ሚኒስቴርና ፌዴራል ፖሊስ ከሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጋር አዘጋጅተው በመመሪያ ሊያወርዱት ይችላሉ። መመሪያው 15 ዓመት ላይ ሳይቆም እስከ 18 መድረስ አለበት፤ ዕድሜው ያልታወቀውንም ልጅ መጨመር አለበት። ዐቃቤ ሕግ የልጁ መልስ ያልሰፈረበትን የእምነት ቃል ለመርማሪው መመለስ ይችላል። ዳኛ ደግሞ መመሪያውንም ሳይጠብቅ፣ በሚቀጥለው የሕፃን መዝገብ ላይ፣ ፋይሉን ከመግለጡ በፊት ልጁን «ጣቢያ ላይ ዝም ማለት እንደምትችል ማን ነገረህ? ምን ብሎ ነገረህ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በመዝገቡ ላይ ማስፈር ይችላል። ልጁ መመለስ ካልቻለ «አመነ» የሚለው ወረቀት ከማስረጃ ዝርዝሩ ይውጣ።